የከፍተኛ ቮልቴጅ ፐልስድ ፓወርን መሠረት ለመያዝ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ከማስተርስ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የኤሌክትሪክ ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በመጀመሪያ ዲግሪዬ የተማርኩት በአብዛኛው የ50 ኸርዝን ዓለም ነው፤ ትራንስፎርመር፣ የማስተላለፊያ መስመር፣ ሞተር፣ የመከላከያ ሪሌይ። አሁን የገባሁበት የምርምር ቡድን የሚሠራው ግን ፐልስድ ፓወር በሚባለው፣ ማለትም በማይክሮ ሰከንድና በናኖ ሰከንድ ውስጥ በሚለቀቅ ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ በመሆኑ፣ እስከ ዛሬ ካወቅሁት ነገር ግማሹ የማይጠቅም፣ ከፊሉም የሚያሳስት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ችግሬን በምሳሌ ላስረዳ። በአማካሪዬ ቁጥጥር ሥር አምስት ደረጃ ያለው የማርክስ ጀነሬተር (ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን ሞልቶ በተከታታይ የሚያራግፍ የከፍተኛ ቮልቴጅ ምንጭ) ሠርተናል። በእያንዳንዱ ደረጃ ያለው ካፓሲተር 10 ናኖ ፋራድ ሲሆን እስከ 10 ኪሎ ቮልት ይሞላል። አምስቱ በተከታታይ ሲገናኙ 50 ኪሎ ቮልትና 2 ናኖ ፋራድ ይሆናሉ፤ ጭነቱ ደግሞ 50 ኦም የሆነ የመፈተሻ ሬዚስተር ነው። በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ላይ የጭነቱ ቮልቴጅ ወዲያው 50 ኪሎ ቮልት ይደርስና በ100 ናኖ ሰከንድ የጊዜ ቋሚ ይወርዳል። በላቦራቶሪ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ቮልቴጁ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ከ90 ናኖ ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው፤ ከፍታው 31 ኪሎ ቮልት ብቻ ነው፤ ከወረደም በኋላ ጥቂት ከዜሮ በታች ያልፍና ይመለሳል። ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ለክቻቸዋለሁ፣ ጤነኞች ናቸው። ታዲያ 19 ኪሎ ቮልቱ የት ገባ?

የምጠይቀው ግን ይህን ብቻ አይደለም። የዚህን ሙያ መሠረት ለመያዝ ምን በምን ቅደም ተከተል መማር ይኖርብኛል? የኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድ ትምህርትን እንደገና ከሥሩ ልጀምር ወይስ በሥራ ላይ እያለሁ ይገባኛል? ከፍተኛ ቮልቴጅ ሳልነካ በጠረጴዛ ላይ ልለማመደው የምችለው ነገርስ አለ? በሥራው ላይ ያላችሁ ሰዎች በሰፊው ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ በፐልስ ላቦራቶሪ ከሚሠራ መሐንዲስ

ጥያቄዎን ከነቁጥሩ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ፤ ያለ ቁጥር የሚጠየቅ ጥያቄ በዚህ ሙያ ውስጥ መልስ የለውም። በቅድሚያ ስለ አንድ ቃል ልናገር። እኛ በአማርኛ ስንነጋገር ኢነርጂንም ፓወርንም «ኃይል» እያልን ስለምንጠራቸው፣ የዚህ ሙያ ዋና ሐሳብ ገና ከአፋችን ሳይወጣ ይደባለቅብናል። 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር 50 ኪሎ ቮልት ሲሞላ የሚይዘው ኢነርጂ 1250 ጁል ነው። ይህን ለመሙላት 1 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በላይ ይበቃዋል። ያንኑ 1250 ጁል በ1 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ብንለቀው ግን አማካይ ፓወሩ 1.25 ጊጋ ዋት ይሆናል። ኢነርጂው አንዲት ጁል እንኳ አልጨመረም፤ የተለወጠው ጊዜው ነው። ስለዚህ ማንኛውንም የዚህ ሙያ ዕቃ ስመለከት በመጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ቮልት ነው?» ብዬ ሳይሆን «በስንት ጊዜ ውስጥ?» ብዬ ነው።

ወደ 19 ኪሎ ቮልቱ ልመለስ። ቁጥሮችዎን ወደ ኋላ ሳሰላቸው፣ በወረዳዎ (በኤሌክትሪክ ሰርኪትዎ) ውስጥ ሲሙሌሽኑ ላይ ያልሣሉት 3 ማይክሮ ሄንሪ ገደማ የሆነ ኢንደክታንስ (የከረንትን ለውጥ የሚቃወም ባሕርይ) አለ። የት እንዳለ ለማወቅ ክር ይውሰዱና ከመጀመሪያው ካፓሲተር ጀምረው በስፓርክ ጋፖቹ (ብልጭታ ሲዘልባቸው እንደ ማብሪያ በሚያገለግሉት ክፍተቶች)፣ በማገናኛ ሽቦዎቹ፣ በጭነቱና በመመለሻው በኩል ዞረው እስከ መነሻው ድረስ መንገዱን ይለኩ። ዙር የሚሠራ ተራ ሽቦ በግምት ለእያንዳንዱ ሜትር 1 ማይክሮ ሄንሪ አለው፤ የሽቦው ውፍረትና የዙሩ ቅርጽ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል እንጂ ለመጀመሪያ ግምት ይህ ይበቃል። ርዝመቱ 3 ሜትር አካባቢ ሆኖ ቢያገኙት አልደነቅም።

አሁን የሆነውን በዓይነ ሕሊናዎ ይከተሉት። ጋፖቹ ሲቀጣጠሉ ከረንቱ በአንድ ጊዜ ሊዘል አይችልም፤ ኢንደክታንሱ ይይዘዋል። ከረንቱ ቀስ በቀስ እያደገ ከፍታው ላይ እስኪደርስ ድረስ ያለፈው ቻርጅ ሁሉ ከካፓሲተሮቹ የወጣ ነው። በመሆኑም ከረንቱ ጫፉ ላይ በሚደርስበት ቅጽበት ካፓሲተሮቹ ከ50 ወደ 31 ኪሎ ቮልት ወርደው ይጠብቁታል። 19 ኪሎ ቮልቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ጫፉ ሳይመጣ ቀድሞ ተራግፏል። ከዜሮ በታች ያለፈበትም ምክንያት ያው ነው። ለ3 ማይክሮ ሄንሪና ለ2 ናኖ ፋራድ ውዝዋዜው የሚቆምበት ሬዚስታንስ የኢንደክታንሱና የካፓሲታንሱ ውድር ስኩዌር ሩት በ2 ሲባዛ ነው፤ ይህም 77 ኦም ይሆናል። የእርስዎ ጭነት 50 ኦም በመሆኑ ከዚያ በታች ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ይወዛወዛል። ይህ መገላበጥ በትንሽ ጀነሬተር ላይ ብዙም ላያሳስብ ይችላል፤ በትልልቅ ካፓሲተሮች ላይ ግን የቮልቴጅ መገላበጥ ዕድሜያቸውን ክፉኛ ያሳጥራል፣ አምራቾችም የሚፈቀደውን መጠን ለይተው ይጽፉበታል።

ለጀማሪ የማስተላልፈው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በወረዳ ሥዕል ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ የሚታየው ሽቦ በፐልስ ዓለም ራሱን የቻለ ዕቃ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች የመዳብ ማገናኛ ወደ 100 ናኖ ሄንሪ አላት። በእሷ ውስጥ 10 ኪሎ አምፔር በ100 ናኖ ሰከንድ ቢያድግ፣ ሬዚስታንሷ ዜሮ ሊባል በሚችል በዚያች ቁራጭ መዳብ ሁለት ጫፎች መካከል 10 ኪሎ ቮልት ይታያል። «ግራውንድ ነው» ብለው ያሰቡት ነጥብ በዚያ ቅጽበት ግራውንድ አይደለም። ሽቦውን ማወፈርም የሚጠበቀውን ያህል አይረዳም፤ ከረንት በ50 ኸርዝ ወደ መዳብ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ሲዘልቅ በ1 ሜጋ ኸርዝ የሚዘልቀው ግን 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሚረዳው ሰፊ ሉህ መጠቀምና የመመለሻውን መንገድ ከመሄጃው ጋር ኢንሱሌሽኑ እስከሚፈቅደው ድረስ አቀራርቦ በሁለቱ መካከል ያለውን ስፋት ማጥበብ ነው።

ስለ ቅደም ተከተሉ፦ የፊልድ ትምህርትን ከሥሩ እንዲጀምሩ አልመክርም። በመጀመሪያ የሬዚስተር፣ የኢንደክተርና የካፓሲተርን ተከታታይ ወረዳ ያለ ኮምፒውተር፣ በወረቀትና በእርሳስ፣ ሦስቱንም ሁኔታዎች (የሚወዛወዘውን፣ በወሰኑ ላይ ያለውንና የማይወዛወዘውን) እስኪሰለችዎ ድረስ ይፍቱ። ቀጥሎ የማስተላለፊያ መስመርን ይማሩ፤ የ50 ኸርዙን ሳይሆን ሞገድ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቢቆዩ አይቆጭዎትም። የፊልድ ትምህርቱ የሚያስፈልግዎ ኢንሱሌተር ሲነድፉ ነው፤ በዚያን ጊዜ ለምን እንደሚማሩት ስለሚያውቁ በፍጥነት ይገባዎታል።

በጠረጴዛ ላይ ሊሠሩት የሚችሉት ሙከራ ደግሞ አለ፤ ለእኔ ከማንኛውም ንግግር በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው። 10 ሜትር ርዝመት ያለው አር ጂ 58 የተባለውን ባለ 50 ኦም ኮአክሲያል ኬብል ይውሰዱ። በአንደኛው ጫፍ በ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በኩል 10 ቮልት ይሙሉት፤ በሌላው ጫፍ በትንሽ ፈጣን ሞስፌት (እንደ ማብሪያ በሚያገለግል ትራንዚስተር) አማካይነት ከ50 ኦም ሬዚስተር ጋር ያገናኙት። ኦሲሎስኮፑ ላይ 5 ቮልት ከፍታ ያለው፣ 100 ናኖ ሰከንድ የሚቆይ ሜዳ የመሰለ ፐልስ ያያሉ። ለምን 10 ቮልት አልሆነም? ለምን 50 ሳይሆን 100 ናኖ ሰከንድ ቆየ? ሞገዱ በዚህ ኬብል ውስጥ አንዱን ሜትር በ5 ናኖ ሰከንድ ያህል ይጓዛል፤ ማብሪያው በተዘጋ ቅጽበት የተነሣው ሞገድ በ1 ሜጋ ኦሙ ምክንያት ክፍት ሊባል እስከሚችለው ሌላኛው ጫፍ 50 ናኖ ሰከንድ ሄዶ፣ ተንጸባርቆ፣ 50 ናኖ ሰከንድ ይመለሳል፤ እስኪመለስ ድረስ ጭነቱ የሚያየው ከኬብሉ ኢምፔዳንስ ጋር የተካፈለውን ግማሹን ቮልቴጅ ነው። ከዚያ ጭነቱን ወደ 100 ኦም ይለውጡት። በመጀመሪያ 6.7፣ ቀጥሎ 2.2፣ ቀጥሎ 0.7 ቮልት እያለ የሚወርድ ደረጃ ይሠራል። 25 ኦም ሲያደርጉት ደግሞ 3.3 ቮልት ይሆንና ሁለተኛው እርከን ከዜሮ በታች 1.1 ቮልት ይሆናል። እነዚህን እርከኖች አስቀድመው በወረቀት አስልተው ከስክሪኑ ጋር ሲገጥሙልዎ ካዩ፣ ከትልልቆቹ ማሽኖች ዋና ሐሳብ አንዱን ጨብጠዋል ማለት ነው። እንግሊዛዊው አለን ብሉምላይን ለራዳር ያቀደው ወረዳም ከዚሁ የተወለደ ነው፤ ሁለት መስመሮችን አገናኝቶ፣ የአንዱ መስመር ኢምፔዳንስ እጥፍ በሆነ ጭነት ላይ ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን የሙሊት ቮልቴጅ እንዲያገኝ አደረገ።

መልስ 2፦ በከፍተኛ ቮልቴጅ ደኅንነት ላይ ከሚሠራ ሰው

ከላይ የተሰጠውን መልስ በሙሉ እስማማበታለሁ፤ ነገር ግን «መሠረት» ተብሎ ሲጠየቅ የካፓሲተር ደኅንነት በስተመጨረሻ እንደሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን እንደ መጀመሪያው ምዕራፍ መቆጠር አለበት ብዬ ስለማምን ይህን እጽፋለሁ።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ላቦራቶሪ አንድ በዘይት የተሞላ ካፓሲተር ከወረዳ ተፈትቶ፣ በሥርዓቱ ተራግፎ፣ በሜትር ዜሮ መሆኑ ታይቶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱን ጫፎቹን የሚያገናኝ ሽቦ ግን አልታሰረበትም። በማግሥቱ ላነሣው ስሞክር ክንዴን አስፈንጥሮ ወደ ኋላ ወረወረኝ፤ ጉዳት ያደረሰብኝ ንዝረቱ ራሱ ሳይሆን ጭንቅላቴ ያረፈበት የብረት ጠርዝ ነው። የሆነው እንዲህ ነው። ካፓሲተሩ በሚሞላበት ጊዜ ቻርጁ በሳሕኖቹ ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ ከፊሉ በመካከል ባለው ኢንሱሌሽን ውስጥ ቀስ ብሎ ይሠርጋል። ጫፎቹን ለጥቂት ሰከንድ ብናገናኛቸው በሳሕኖቹ ላይ ያለው ይወጣል፤ የሠረገው ግን በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣና ቮልቴጅ እንደገና ይፈጥራል። ስለዚህ ሥራ ላይ ያልሆነ ማንኛውም ከፍተኛ ቮልቴጅ ካፓሲተር ሁልጊዜ ጫፎቹ በሽቦ ታስረው መቀመጥ አለባቸው።

ማራገፊያ ሬዚስተርም ብቻውን አይታመንም። በመልስ 1 የተጠቀሰውን 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በ100 ሜጋ ኦም ብናራግፈው የጊዜ ቋሚው 100 ሰከንድ ነው። ብዙ ሰው «አምስት የጊዜ ቋሚ ከጠበቅን አለቀ» ይላል። 500 ሰከንድ፣ ማለትም ከ8 ደቂቃ በላይ ጠብቀን፣ ከ50 ኪሎ ቮልቱ የሚቀረው 0.7 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህም 340 ቮልት ያህል ነው። በመቶኛ ሲነገር ኢምንት የሚመስለው ነገር ከግድግዳ ሶኬት ቮልቴጅ ይበልጣል። በዚያ ላይ ሬዚስተሩ ሳይታወቅ ተቃጥሎ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ሬዚስተሩ ቢኖርም፣ በረጅም ኢንሱሌተር እጀታ ላይ የተሠራ የማራገፊያ ዘንግ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ በሬዚስተር በኩል ይነካል፣ ቀጥሎ በቀጥታ፣ ከዚያም ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ተሰቅሎ ይቆያል። በቀጥታ በመንካት መጀመር ድምፁ ጆሮን ይጎዳል፣ ብልጭታው የቀለጠ ብረት ይረጫል፣ ካፓሲተሩንም ያበላሻል።

እርስዎ የሠሩት ጀነሬተር በድምሩ የሚይዘው 2.5 ጁል ነው። ይህ ከትልልቆቹ ባንኮች ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ቢሆንም ጡንቻን አስፈንጥሮ ሰውን ከመሰላል የሚጥል ነው፤ 10 ጁል ሲደርስ ደግሞ የልብን ምት ሊያቆም ይችላል ተብሎ ይወሰዳል። በማርክስ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ነገር፣ የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ ብቻ ማገናኘት በመካከል ያሉትን ደረጃዎች አያራግፍም። እያንዳንዱ ካፓሲተር ለየብቻው መነካት አለበት። ብቻዎን አይሥሩ፤ የቻርጀሩን መሰኪያ ነቅለው በኪስዎ ይያዙት እንጂ ማጥፊያውን ብቻ አይመኑ።

መልስ 3፦ በስዊችና በኢንሱሌሽን ላይ ከምትሠራ ተመራማሪ

እኔ የምጨምረው ስለ ስፓርክ ጋፖቹ ነው፤ ምክንያቱም የማርክስ ጀነሬተር በወረቀት ላይ ሲታይ ካፓሲተሮች ብቻ የሚሠሩት ይመስላል። ጀርመናዊው ኤርቪን ማርክስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ያመጣው ሐሳብ ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን ሞልቶ በተከታታይ ማራገፍ ነው፤ ይህን ቅያሪ በቅጽበት የሚያደርጉት ግን ጋፖቹ ናቸው። የመጀመሪያው ጋፕ ሲቀጣጠል በሁለተኛው ላይ ያለው ቮልቴጅ ይጨምራል፣ እሱም ይከተላል፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። ይሁን እንጂ አንድ ጋፕ በቂ ቮልቴጅ ስለደረሰው ብቻ ወዲያው አይቀጣጠልም፤ ሂደቱን የሚጀምር አንድ ነፃ ኤሌክትሮን በትክክለኛው ቦታ መገኘት አለበት። ለዚህ ነው ጋፖቹን በአንድ መስመር ላይ እርስ በርስ እንዲተያዩ አድርገን የምንሰቅላቸው፤ የመጀመሪያው ብልጭታ የሚያወጣው አልትራቫዮሌት ብርሃን በሌሎቹ ኤሌክትሮዶች ላይ አርፎ እነዚያን ኤሌክትሮኖች ያስገኛል። በጋፖቹ መካከል ለጥንቃቄ ተብሎ የፕላስቲክ ሉህ የተጋረደበት ጀነሬተር አይቻለሁ፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ በግማሽ ይቆማል። ሉሁ ሲነሣ ተስተካከለ።

አየር በተለመደው ግፊት፣ ፊልዱ ወጥ በሆነበት ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 30 ኪሎ ቮልት ያህል ይችላል። ይህን ቁጥር ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ የሚረሳው «ፊልዱ ወጥ በሆነበት» የሚለው ነው። ሹል ጠርዝ፣ የብሎን ጫፍ፣ በኤሌክትሮድ ላይ የቀረ የሞረድ ጭረት ፊልዱን በአካባቢው ብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። ፍሪድሪክ ፓሸን በ1889 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ደግሞ መቀጣጠያው ቮልቴጅ የሚወሰነው በግፊቱና በርቀቱ ብዜት ነው፤ ግፊቱን ከፍ በማድረግ ጋፑን ማጥበብ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ጠባብ ጋፕ ደግሞ አጭር ብልጭታ፣ አጭር ብልጭታም አነስተኛ ኢንደክታንስ ማለት ስለሆነ ወደ መልስ 1 ጉዳይ ይመልሰናል።

ኢንሱሌተርን በሚመለከት፣ ከልምድ የተማርኩት ጠንካራው ነገር በውስጡ ከመበሳቱ በፊት በገጹ ላይ እንደሚሸነፍ ነው። ፖሊኢታይሊን ወይም አክሪሊክ ገዝቶ በሠንጠረዥ የተጻፈውን ጥንካሬ ብቻ የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል፤ ብልጭታው በጣት አሻራና በአቧራ ላይ እየተንሸራተተ ዞሮ ይሄዳል። በተለይ ብረቱ፣ ኢንሱሌተሩና ጋዙ ወይም ቫክዩሙ ሦስቱም የሚገናኙበት ጥግ የብዙ ብልሽት መነሻ ነው። ስነድፍ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ጥግ ነው።

ጊዜ እዚህም ይገባል። ንጹሕ ውኃ የዳይኤሌክትሪክ ቋሚው 80 ገደማ በመሆኑ በጠባብ ቦታ ብዙ ኢነርጂ ይይዛል፤ ነገር ግን በትንሹም ቢሆን ከረንት ስለሚያሳልፍ ሊይዘው የሚችለው ለማይክሮ ሰከንዶች ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማርክሱ ቀስ ብሎ ተሞልቶ በማይክሮ ሰከንድ ወደ ውኃው መስመር ያራግፋል፣ የውኃው መስመር ደግሞ በመቶ ናኖ ሰከንድ ወደ ጭነቱ ያራግፋል። በአሜሪካ ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚገኘው ዚ የተባለው ማሽን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ 36 ማርክሶች አሉት፣ በ100 ናኖ ሰከንድ አካባቢ ከ20 ሚሊዮን አምፔር በላይ ያደርሳል። በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አልደርማስተን ይሠራ የነበረው ጄ. ሲ. ማርቲን ለውኃና ለዘይት ያወጣው የልምድ ቀመር እስከ ዛሬ ያገለግላል፦ ፈሳሹ የሚሰበርበት ፊልድ በጊዜው ኩብ ሩትና በኤሌክትሮዱ ስፋት ዐሥረኛ ሩት ልክ ይቀንሳል። ይህ ማለት በትንሽ ናሙና የተገኘ ጥንካሬ ለትልቅ ማሽን በቀጥታ አይወሰድም።

የጠያቂው ተከታይ ጽሑፍ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። በክር ለካሁት። ከታችኛው ካፓሲተር ተነሥቼ፣ በአምስቱ ጋፖች አልፌ፣ በጭነቱ ዞሬ ስመለስ ክሩ 3 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከዚህ ውስጥ አንድ ሜትር ከግማሽ የሚሆነው እኔ ራሴ «ለጥንቃቄ ራቅ ይበል» ብዬ ጭነቱን በረጅም ሽቦ ያገናኘሁበት ነው። ሲሙሌሽኑ ላይ 3 ማይክሮ ሄንሪ ሳስገባ 31 ኪሎ ቮልት፣ 88 ናኖ ሰከንድ፣ ከዜሮ በታችም 2 ኪሎ ቮልት ያህል አወጣልኝ። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ስመለከተው ቆየሁ። ኢንደክታንሱን በግማሽ ብቀንሰው ግን የሚያሳየኝ 36 ኪሎ ቮልት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መሄድ አይቻልም ማለት ነው?

የኬብሉን ሙከራም ሠርቻለሁ፤ 5 ቮልቱና 100 ናኖ ሰከንዱ ወጥተዋል። ነገር ግን በፐልሱ መነሻ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሹል ነገር አለ፤ የኬብሉ ነው ወይስ የመለኪያዬ?

መልስ 4፦ ከመልስ 1 ጸሐፊ

ሁለተኛውን ላስቀድም፤ መለኪያውን ሳናምን ስለ መጀመሪያው መነጋገር አንችልም። የኦሲሎስኮፑን ፕሮብ ጫፍ ከራሱ የግራውንድ ቆንጣጭ ጋር ያገናኙና ሁለቱንም ቀድሞ በነበሩበት ቦታ፣ በግራውንዱ ነጥብ ላይ ያሳርፏቸው። ከዚያ ወረዳውን ያስነሡት። በትክክለኛ መለኪያ ላይ ስክሪኑ ጠፍጣፋ መስመር ማሳየት አለበት፤ አሁንም ሹሉን ካዩት እሱ ከወረዳው የመጣ ምልክት ሳይሆን በቆንጣጩ ሽቦ ዙር ውስጥ የገባ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር የሆነው የቆንጣጭ ሽቦ ራሱ 150 ናኖ ሄንሪ ያህል ነው። ያንን ሽቦ ነቅለው በፕሮቡ አንገት ላይ የሚጠመጠም አጭር ጥቅልል ይጠቀሙ። ይህን ሙከራ በየሥራው መጀመሪያ የማድረግ ልማድ ይኑርዎ፤ እኔ በሥራዬ ሁሉ አንድም ቀን አልተውኩትም። የኦሲሎስኮፑን ፍጥነትም ይመልከቱ፦ 0.35ን ለባንድዊድዙ (ሊያሳይ ለሚችለው የፍሪክዌንሲ ወሰን) ሲያካፍሉ ሊያሳይ የሚችለውን አጭሩን መውጫ ጊዜ (ምልክቱ ከታች ወደ ላይ የሚወጣበትን ጊዜ) ያገኛሉ፤ 100 ሜጋ ኸርዝ ከሆነ ከ3.5 ናኖ ሰከንድ የፈጠነ ነገር አያሳይዎትም።

ወደ 36 ኪሎ ቮልቱ ስንመለስ፣ ከ50 ኪሎ ቮልት ለመቅረብ ከረንቱ የሚያድግበት ጊዜ ካፓሲተሩ ከሚራገፍበት ጊዜ በብዙ ማነስ አለበት። የመጀመሪያው ኢንደክታንስ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ነው፤ ሁለተኛው ሬዚስታንስ በካፓሲታንስ ሲባዛ። በእርስዎ ወረዳ ውስጥ 60 ናኖ ሰከንድ ከ100 ናኖ ሰከንድ ጋር ይታገላል። ጭነቱን 200 ኦም ቢያደርጉት፣ ሽቦዎቹን ሳይነኩ፣ 15 ናኖ ሰከንድ ከ400 ናኖ ሰከንድ ጋር ይሆንና ከፍታው 45 ኪሎ ቮልት ገደማ ይደርሳል። የሙከራ ሬዚስተር ስለሆነ ይህን በአንድ ቀን ሊያዩት ይችላሉ። ዋናው ሥራዎ 50 ኦም የግድ የሚል ከሆነ ግን ሽቦ በማሳጠር ብቻ አይደርሱም፤ ወይ በየደረጃው ያለውን ካፓሲታንስ ማሳደግ፣ ወይም በማርክሱና በጭነቱ መካከል በፍጥነት የሚሞላ አነስተኛ ካፓሲተርና ተጨማሪ ጋፕ ማስገባት ይኖርብዎታል። ካፓሲታንሱን ሲያሳድጉ 2.5 ጁሉም አብሮ ስለሚያድግ፣ ከዚያ በፊት የማራገፊያ ዘንጉን በመልስ 2 እንደተገለጸው ሠርተው ይጨርሱ።

ረጅሙን ሽቦ ሲያሳጥሩ ደግሞ ጭነቱ ወደ ጀነሬተሩ ስለሚቀርብ በመካከላቸው ያለውን የአየር ርቀት እንደገና ያስሉ፤ በሹል ብሎኖች ዙሪያ 30 ኪሎ ቮልት በሴንቲ ሜትር የሚለውን ቁጥር አይጠቀሙበት። የመመለሻውን ሽቦ በሰፊ የመዳብ ሉህ ከተኩት በኋላ ክሩን እንደገና ይዘርጉና አዲሱን ቁጥር ከስክሪኑ ሥዕል ጋር እዚህ ይጻፉልን።

የጠያቂው መልስ

ፕሮቡን ከራሱ ግራውንድ ጋር አገናኝቼ ሞከርኩት፤ ሹሉ እዚያው አለ። የመለኪያዬ ነበር። ጥቅልሉን ሠርቼ ስተካው አብዛኛው ጠፋ። የመዳቡን ሉህ ከአማካሪዬ ጋር ቆርጠን ጠርዙን እያለዘብን ነን፤ በ200 ኦም የሚወጣውን ውጤት ከክሩ ርዝመት ጋር አመጣለሁ።